ጭኔን ማን አከሳው?

ከሰው ሁሉ የሚያስፈራኝ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» የሚለኝ ነው። ሐኪም ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ጉልበቴ እንደ አሮጌ ባጃጅ መንቋቋት ከጀመረ ቆይቷል። እዚሁ ሸዋ ሮቢት መስጊዱ ከቤቴ አይርቅም፤ እኔ ግን በልጄ ትከሻ ተደግፌ ነበር የምሄደው። ሱጁድ ወርጄ መነሳት ሲያቅተኝ በወንበር መስገድ ጀመርኩ። ወንበሩ ባልከፋ፤ ከኋላ ሆነው «መስኪን!» የሚሉት ናቸው እንጂ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ጉልበቴን በብረት ላስቀይር ቆረጥኩ። ምኞቴ አንድ ነው፤ ያለ ደጋፊ መስጊድ ገብቶ መውጣት።

ሐኪሙ፣ ስንቀድዎት ደም እንዳያስቸግረን ጭንዎን ከላይ እናስረዋለን አለኝ። የደም ግፊት ሲለኩ ክንድ ላይ እንደሚጠመጥሙት ያለ፣ በአየር የሚነፋ ማሰሪያ ነው። ደነገጥኩ። እኛ ቆላ እግር የሚታሰረው እባብ ሲነድፍ ነዋ! ስንቱ ከእባቡ ተርፎ በገመዱ እግሩ ጠቁሯል! ጡንቻዬስ? አልኩት። አልደበቀኝም። ጭኑ ለጊዜው ሊያም፣ ሊደክም ይችላል፤ ሳያስሩ የሚሠሩም አሉ፤ የትኛው እንደሚሻል እኛም እንከራከራለን አለ። ሐኪም በተከራከረበት ነገር እኔ ምን በወጣኝ? ለመንኩት፣ አስለመንኩት። ሳያስረኝ ሠራው። እንዴት ያለ ብልህ ሽማግሌ ነኝ!

ሲሸኘኝ፣ እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ ይራመዱ ብሎ አደራ አለኝ። እሱ ይፋትን አያውቅም። እኛ ዘንድ ታማሚ ከአልጋው ከተነሳ ጠያቂውን ናቀ ማለት ነው። ጎረቤቴ ይመር ጫቱን ይዞ በጠዋት ዱዓ ሊያደርግልኝ ይመጣል፤ እስኪመሽ አይነሳም። እግሬን ገና ሳንቀሳቅስ «ወላሂ ብረቱ ይወልቃል! ተኛ!» ይላል። ከካራቆሬ የመጣችው እህቴ «ወንድምዬ፣ እኔ እያለሁ አንተ ትነሳለህ?» ብላ ታለቅሳለች። እኔም ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ እውነት ቢወልቅስ? ተኛሁ። ገንፎ በላሁ፣ ማር ላስኩ። ሆዴ ወፈረ፣ ጭኔ ከሳ።

በቀጠሮዬ ሐኪሙ ሁለቱን ጭኖቼን ዳበሰ። ቀጥሎ «አባቴ፣ የኔን ማሰሪያ ሥራው ሲያልቅ እፈታው ነበር። ይሄንን እግር አልጋ ላይ ማን አሰረብዎት?» አለኝ። ምን ልበል? ይመር ልበል?

በኛ አገር ጠያቂን አትምጣ ከማለት እግርን ማስቆረጥ ይቀላል። ግን ሽንት ቤት አትሂድ የሚል ጠያቂ እስካሁን አልተፈጠረም። ስለዚህ በየጊዜው ሽንቴ መጣ እላለሁ፤ ጓሮ ሄጄ ግድግዳ ይዤ እግሬን አነሳለሁ። እህቴ፣ ስኳርም ይዞታል ብላ ሌላ ለቅሶ ጀመረች። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ መስጊድ ብቻዬን ገብቼ ብቻዬን እወጣለሁ። ይመር፣ ዱዓዬ ሠራ ይላል። አሚን ብያለሁ።

ሰሞኑን ይመርም በተራው ጉልበቱን አስቀይሮ መጣ። የደረሰብኝን ሁሉ ልነግረው መንገዱን ሙሉ ሳጠና ሄድኩ። ስገባ፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፤ እሱ ደግሞ አልጋው ላይ ሆኖ እግሩን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ልምድ ያለኝ እኔ ነኛ!

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ አትተኛም እንዴ!» አልኩት።

ምን ላድርግ? ልጠይቅ ሄጄ ዝም ልበል?