ለኮምፒውተር የተሠራ ዳንቴል

እኛ ሐበሾች ዕቃ ራቁቱን ማየት አንችልም። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ሶፋውን ዳንቴል ካላለበስን ዓይናችን አያርፍም። ይሄ አመል አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠራኝ መች አወቅሁ?

ጀርመን አገር በአንድ ትልቅ የብረት ፋብሪካ ኮምፒውተር ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ክፍላችን ምድር ቤት ነበር። ከዚያ የምንወጣው ማተሚያ ወረቀት ሲነክስ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ሥራችን «አይቻልም» ማለት ነበር። የሆነ ነገር ከተበላሸ ደግሞ መዝገቡ ላይ «የተጠቃሚ ስህተት» ብለን እንጽፋለን። ስንቱን የተከበረ መሐንዲስ በዚያች አዋርጄዋለሁ!

ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ስገባ፣ የወንድሜ ልጅ ስመኝ ከከተማው ዳር ባለ የዱቄት ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆና ጠበቀችኝ። ምድር ቤት እንዳይመስላችሁ! ፀጉሯ ዱቄት ለብሶ ከወፍጮ ወፍጮ ስትል ነው የምትውለው። በየወፍጮው ሙቀት መለኪያ አስገጥማ ሁሉንም በአንድ ኮምፒውተር ታያለች። ወፍጮው ሳይሰበር ሕመሙን ይናገራል አለችኝ። እኛ እንኳን ከወፍጮ ከሰውም አንነጋገር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የሰጣት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ያለ እንከን ከሠራ የወፍጮዎቹን ጥገና ክፍሏ ይመራል። ካልሆነ ተመልሳ ማተሚያ ትጠግናለች። የወፍጮው አንጋፋ ጋሽ ይግዛው ደግሞ፣ ወፍጮ የሚታወቀው በጆሮ ነው፣ ቴሌቪዥን አያሻውም ይላሉ።

በአምስተኛው ቀን «ባለሙያዋ አክስቴ» እያለች ወሰደችኝ። የክፍሏ ሠራተኞች ሁሉ ተነሥተው ተቀበሉኝ። ባዶ እጄን ልሄድ ነው? ወፍራም ገበር ያለው ዳንቴል ሠርቼ ነበር። ስመኝ ወደ ወፍጮዎቹ ስትወርድ፣ ዱቄት እንዳይገባበት ብዬ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። አሮጊት ያለበሰችውን ማን ይገፍፋል?

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ኮምፒውተሩ ጠፋ። እሱ ካላየ ወፍጮዎቹም እንዲቆሙ ነው የተሠራው፤ ቀጥ አሉ።

«አላልኳችሁም?» አሉ ጋሽ ይግዛው።

ስመኝ ከወፍጮዎቹ ስትመለስ ሥራ አስኪያጁም እየሮጠ መጣ። «ስመኝ፣ በቃ! ወደ ማተሚያሽ!»

ስመኝ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ ሳጥኑን ዳሰሰች። እኔን አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ «ጥፋቱ የክፍሌ ነው» አለች። በሠላሳ ዓመት ምድር ቤታችን ውስጥ ያልተሰማ ቃል!

«አይደለም፤ የአየር ማስገቢያውን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይሄን ነው ፈረንጅ አገር የተማሩት፣ እትዬ?» አሉ ጋሽ ይግዛው።

«ማልበሱንስ እዚሁ ነው የተማርኩት።»

ስመኝ ስልኳን ለሥራ አስኪያጁ አሳየችው። ኮምፒውተሩም እንደ ወፍጮዎቹ ከመጥፋቱ በፊት ሕመሙን ተናግሯል፤ «ሞቀኝ» ብሎ መልእክት ልኮላታል። ሰውየው ደጋግሞ አነበበው፤ የቀሩትን ሁለት ቀናትም ፈቀደላት። አሁን ወፍጮዎቹ በእጇ ናቸው። ዳንቴሉ ማተሚያው ላይ ነው፤ እሱን የሚነካው የለም።

የዚያን ቀን ሪፖርት አስነበበችኝ። «የብልሽቱ ምክንያት፦ የተጠቃሚ ስህተት።» አቤቱታ ላቀርብ አማረኝ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ስሰጠው የኖርኩት እኔው ነኝ።