ባላምባራስ ዘፍግ

ሌላው ሰው በቅሎ ስታልፍ ኮርቻዋን ሲያደንቅ፣ ከኋላዋ የሚወድቀውን የሚጠብቅ አንድ ጎረቤት የሌለበት አገር የለም። ከንፋስ መውጫ በላይ፣ በጉና ተራራ ወገብ ላይ ባለችው ብርዳም መንደር ይህ ሰው አያ ደምሌ ነበር። ሹመቱን ከቤተ መንግሥት አላገኘም፤ መንደሩ ራሱ ሾመው፦ ባላምባራስ ዘፍግ።

ባላምባራስ ሰርግ ሲጠራ ቅርጫቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሙሽራዋ በፊት የሚዜዎቹን በቅሎዎች ይመርቃል። የወረዳው ገዥ ለጉብኝት የመጡ ዕለት ሕዝቡ እጅ ሲነሳ እሱም መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ። ገዥው ደስ ብሏቸው "ማነው ይሄ ጨዋ?" አሉ። ቀና ሲል ቅርጫቱ ሞልቷል።

"አፈርም ሆድ አለው!" ይላል፣ ላገኘው ሁሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ አይቀርም።

በፍግ ክምሩ ሽታ ከሁሉ የተቸገረችው፣ ጠዋት ማታም የምትሰድበው፣ ድንበርተኛው ሐረገ ወይን ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገብሷ እየቀጨጨ አስቸግሯት፣ ወንድሟ ከሚኖርበት ከአርብ ገበያ "ዘንድሮም ካልያዘልሽ ቤቱን ዘግተሽ ወደ እኛ ውረጂ" ብሎ ልኮባታል። ወንድሟስ ደግ ነው። የወንድሟን ሚስት ስታስብ ግን የጉና ውርጭ እንደ እሳት ይሞቃት ነበር።

አያ ደምሌ ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። አንድ ቀን እየጎተተ ወደ ላይ፣ ገብስ ወደማይደፍረው፣ ጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል ብቻ ወደሚኖርበት አወጣት።

"ይቺን ድንጋይ እያት። ቁራ ያርፍባታል። ከሥሯ ያለው ጓሳ እንደ ጠገበ ወይፈን ያብረቀርቃል! ፈቀቅ ያለው ደግሞ እንደ ሽማግሌ ጸጉር ሳስቷል። ብርዱ ያው፣ ዝናቡ ያው። ምን ለያቸው?"

"ምን ለያቸው፣ አያ ደምሌ?"

"ቁራው!"

"እና ማሳዬ ላይ ቁራ ልጋብዝ?"

"ፍግ አልብሺው እንጂ!"

"ምን ፍግ ተርፎኝ? አገሩን ሁሉ አንተ ጠርገኸው!"

አያ ደምሌ ቅርጫቱን አንሥቶ ቁልቁል መንገዱን ያዘ።

ሐረገ ወይን ፋሲካን ወንድሟ ዘንድ ሰንብታ ተመለሰች፤ ሰኔ ላይም አዘራች። መስከረም ሲጠባ ጉድ ታየ። የማሳዋ ዳር ዳሩ እንደ ወትሮው ገርጥቶ ቁርጭምጭሚት አልደረሰም፤ መሐሉ ላይ ግን አንድ ክብ ቦታ አረንጓዴው ጠቁሮ፣ ገብሱ ከጉልበት አልፏል።

መንደሩ ተናወጠ። "ቅዱስ ቆሞበት ነው" አሉ። በማግሥቱ ሰው መሬቱን ይሳለም ጀመር። በሦስተኛው ቀን "ይታጠርና ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ" የሚል ተነሣ። ሐረገ ወይን ጨነቃት። ማሳው ከሄደ መውረዷ ነው፤ አይሆንም እንዳትል ደግሞ ከቅዱስ ጋር ማን ይሟገታል?

ነገሩን እንዲያዩ፣ በድጓ ትምህርቱ በታወቀው በቤተ ልሔም ደብር የተማሩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ተጠሩ። ጎንበስ ብለው አንድ ዕፍኝ አፈር አነሡ። ሊሳለሙት ወደ ከንፈራቸው ሲያስጠጉ ከሕዝቡ መሐል ጩኸት ተሰማ።

"ኧረ ይተዉት፣ ጌታዬ! ፍግ ነው!"

"ምን አልህ?"

"የበቅሎ ፍግ! የበግም አለበት። ትንሽ ደግሞ የቁራ።" አያ ደምሌ ነበር፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ። "ለፋሲካ ስትወርድ እኔ ነኝ አልብሼ አፈር የመለስሁበት። ያለኝን ክምር በሙሉ! መሐል ላይ አለቀብኝ እንጂ ዳር አደርሰው ነበር።"

የተሳለመው ሁሉ አፉን በጋቢው ጠረገ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "በሉ፣ ማሳው የእሷ ነው፤ ማንም እንዳይነካባት" አሉ። የዚያ ክብ ቦታ ገብስ ብቻውን ዓመት እንደሚያደርሳት ያየ ሁሉ ተስማማ። ወደ አርብ ገበያ መውረዱ ቀረ።

ሰዉ ሲበተን ሐረገ ወይን ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች።

"ያን ሁሉ ዘመን የሰሰትህለትን ክምር! ምን ነካህ፣ አያ ደምሌ?"

የእግሩን ጣቶች እያየ "አንቺ ከሄድሽ ማን ይሰድበኛል?" አለ።

"ግማታም!" አለችው።

ፊቱ በራ። እሷም ሌላ ስድብ ጨመረችለት፤ ደግሞም ሌላ፤ ቤቱ ደጃፍ እስኪደርሱ አብራው እየሄደች።