ጉዳይዋን የቀደመችው ኤሊ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለታችሁ አይቀርም። የዛሬው ግን ላሟ ራሷ በረቷን ዘግታ ኮሌጅ የገባችበት ዘመን ተረት ነው።

በዚያ ዘመን የአንድ ጫካ አራዊት መክረው ዘክረው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ከፈቱ። ድንጋዩን የተሸከመው አህያ ነው፤ በምረቃው ቀን የተመሰገኑት ግን ሌሎች ናቸው። በሩ ላይ «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። ዝንጀሮ ዲን ሆኖ ተሾመ። ለምን እሱ ብትሉ፣ ገደል አፋፍ ላይ ስለሚኖር ሁሉን ከላይ ያያል ተባለ። እስስት የተማሪዎች አማካሪ ሆነች። በቀቀን መስኮት ላይ ተቀምጦ መረጃ እንዲሰጥ ተቀጠረ። ግንደ ቆርቁር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ግንዱን እየቆረቆረ ደወል ይደውላል። ከደወል በኋላ የመጣ አይገባም፤ መመሪያ ነው።

ከጫካው በታች፣ ኩሬ ዳር፣ እመት ኤሊ የምትባል ኤሊ ትኖር ነበር። ያን ዓመት ክረምቱ እንደ ቸኮለ እንግዳ ብዙም ሳይቀመጥ ሄደና ኩሬው ከዳር ከዳሩ መሸሽ ጀመረ። እመት ኤሊ ጭቃው ውስጥ የሚርመሰመሱ ልጆቿን እያየች እንቅልፍ አጣች።

«ይኼ ውሃ ከደረቀ የት ልወስዳቸው ነው? በእኔ እግር ሌላ ውሃ ከመድረሳችን በፊት በጋው ራሱ ያልቃል» አለች። ኮሌጁ የጉድጓድ ቁፋሮ ትምህርት እንዳለውና መምህሩም ፍልፈል መሆኑን ሰምታለች። ፍልፈል ማለት ከመሬት በታች ያለውን እንደ ቤቱ ጓዳ የሚያውቅ ነው። «በጋው ሳይጠና ቁፋሮ ተምሬ ጉድጓድ ካላወጣሁ አለቀልን» ብላ ለመሄድ ቆረጠች።

ጎረቤቷ ቀንድ አውጣም «ውሃ የማይፈልግ ማን አለ? እኔም እማራለሁ» ብላ አብራት ወጣች። ጥቂት እንደሄዱ ግን ቀንድ አውጣ ደከማትና፣ «እመት ኤሊ፣ አንቺ ፈጣን ነሽ፤ በኔ የተነሣ አትዘግዪ፣ ቅደሚኝ። ብቻ ስትደርሺ አትርሺኝ» አለቻት።

እመት ኤሊ ከተፈጠረች ጀምሮ ፈጣን ተብላ አታውቅም። ደስታው አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ እስከ መጨረሻው አስወጣት። «ኧረ አንቺን ልረሳ! በሩን ይዤ እጠብቅሻለሁ» አለችና ገሰገሰች። የኤሊ መገስገስ እንግዲህ የምታውቁት ነው።

ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ኮሌጁ በር ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በሩ ተዘግቷል።

«ክፍት ነው የሚል ጽሑፍ አየሁ መሰለኝ» አለች ወደ መስኮቱ ቀና ብላ።

«ክፍት ነው! ክፍት ነው!» አለ በቀቀን። «ከደወል በኋላ ግን አይከፈትም!»

«እኔ እንግዲህ እግሬ ይኼው ነው፤ ተፈጥሮዬ ነው። ምን ይሻለኛል?»

«ለአዝጋሚ ተማሪዎች ልዩ ድጋፍ አለን!» አለ በቀቀን፣ ክንፉን እያማታ። «ድጋፍ የሚፈልግ አዝጋሚ ከደወል በፊት ይቅረብ!»

እመት ኤሊ ነገሩን አገላብጣ አየችው። «ወንድሜ፣ ከደወል በፊት መቅረብ ብችልማ ድጋፉ ምን ያደርግልኛል?»

«መመሪያ ነው! መመሪያ ነው!»

ከበቀቀን ጋር ክርክር ትርፉ ጉሮሮ ማድረቅ ነው። እመት ኤሊ ያን ቀን ወደ ልጆቿ ሳትመለስ በሩ ሥር አደረች። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ አማካሪዋ ዘንድ ገባች። እመት እስስት ቅጠል ላይ ተቀምጣ ለምለም አረንጓዴ ሆና ተቀበለቻት። አንዱ ዓይኗ ኤሊን ያያል፣ ሌላው የዲኑን ገደል ይጠብቃል።

«እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «አዝጋሚ መሆን ወንጀል አይደለም። መብትሽ ነው!»

በዚህ መሃል በቀቀን «መመሪያ ነው!» እያለ በላያቸው ሲያልፍ እስስት ወዲያው ወደ ግንዱ ዞራ እንደ ግንዱ ግራጫ ሆነች። «መመሪያም ደግሞ መመሪያ ነው» አለች።

«ታዲያ የትኛውን ልያዝ?»

«ሁለቱንም። ጉዳይሽን እኔው ራሴ ወደ በላይ አካል እወስደዋለሁ፤ አታስቢ።»

እመት ኤሊ አመስግና ስትወጣ ደወሉ ተደውሎ የቁፋሮ ክፍል ተዘግቶ አገኘችው። ለድጋፉ ስትል አረፈደች ማለት ነው። ልጆቿን አይታ ልትመለስ ወደ ኩሬው ወረደች። ኩሬው ዳሩ ተሰነጣጥቋል። እንደገና ወደ ኮሌጁ ወጣች። እስስት በቦታዋ የለችም።

«ጉዳዬ ከምን ደረሰ?» ብላ መስኮቱን ጠየቀች።

«ጉዳይሽ በሂደት ላይ ነው!»

እኔና እናንተ ይህን ቃል ስንሰማ አንገታችንን ደፍተን ወደ ቤታችን እንመለሳለን፤ ለምደነዋላ። እመት ኤሊ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በመሄድ ነው።

«በሂደት ላይ?» አለች፣ ፊቷ በራ። «ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ በላይ! ወደ በላይ!»

«እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ጉዳዬ ለምን አይሄድም!» ብላ ወደ ዲኑ ገደል የሚያስወጣውን ዳገት ተያያዘችው። «መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። ከደከመውም ጀርባዬ ላይ ጭኜ አደርሰዋለሁ።»

ዳገቱ ሥር አህያ ቆሞ ሣር ይነጫል። «አያ አህያ፣ ጉዳዬ በዚህ ሲያልፍ አላየህም?» አለችው።

«ጉዳይ እግር አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

«እግር ከሌለውማ በሂደት ላይ ነው ባላሉኝ።»

አህያ ሣሩን ማኘክ አቆመ። «እሱስ እውነትሽን ነው። እኔ ለኮሌጁ ድንጋይ ሳመላልስ ትምህርት አመለጠኝ። ለምን ቀረህ ሲሉኝ ኮሌጁን ስሠራ ነው አልኳቸው። ጉዳይህ በሂደት ላይ ነው ካሉኝ ከረመ። ምናልባት የእኔና የአንቺ ተገናኝተው ይሆናል» አለና ተከተላት።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ እመት ኤሊ ቀጥ ብላ ቆመች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አንዲት ቁጥቋጦ ላይ እመት እስስት አንድ እግሯን ወደፊት ትዘረጋለች፣ ትወዛወዛለች፣ ያንኑ እግር ወደኋላ ትመልሳለች።

«እመት እስስት! ጉዳዬስ?»

«ይኸው እየወሰድኩልሽ ነው፤ ግን ነገሩ በጥንቃቄ መታየት አለበት» አለች፣ አንዱን ዓይኗን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ልካ። አሁንም እግሯን ዘረጋች፣ አሁንም መለሰች።

እመት ኤሊ ጥቂት ጠበቀቻት። ከዚያ ኩሬው ትዝ አላትና አለፈቻት። «ወይኔ! እኔም የማልፈው ነገር ተገኘ!» ስትል አህያ ገደሉ እስኪያስተጋባ አናፋ።

አፋፉ ላይ ዝንጀሮዎች ክብ ሠርተው አንዱ የሌላውን ጀርባ እየፈተሸ ቅማል ይለቅማል። መሃላቸው አያ ዝንጀሮ ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባውን ሰጥቷል።

«ስብሰባ ላይ ነን» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ጌታዬ፣ ስለ ጉዳዬ ነበር። ኩሬው እየደረቀ ነው፣ ልጆቼ…»

«ጉዳይሽ እዚህ ደርሷል?»

«እመት እስስት ይዛው ከታች እየመጣች ነው። መንገድ ላይ አልፌያት መጣሁ።»

አያ ዝንጀሮ ዓይኑን ገለጠ። «እንግዲያውስ ጉዳይሽን ቀድመሻል። ጉዳዩን የቀደመ ባለጉዳይ አይስተናገድም። ወርደሽ ከኋላው ነይ።»

እመት ኤሊ ክው አለች። «ሳረፍድ አልገባም፣ ስቀድም አልስተናገድም። በሰዓቱ የምትሉት የማንን ሰዓት ነው?»

«የኮሌጁን» አለና መልሶ ጨፈነ።

ከአፋፉ ላይ ሁሉም ይታያል ያሉት እውነት ነው። እመት ኤሊ ቁልቁል ስታይ ኩሬዋ የሳህን ያህል ሆና ታየቻት። አለቀሰች።

«ነይ ውጪ ጀርባዬ ላይ» አላት አህያ። «ኮሌጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሜ፣ አንቺ ምን ትከብጂኛለሽ?»

ዳገቱን ወርደው በኮሌጁ አጠገብ ሲያልፉ መሬቱ ተነፋና የፍልፈል አፍንጫ ብቅ አለ። «ማነው?» አለ። እመት ኤሊ ማንነቷንና ያመጣትን ነገረችው። ፍልፈል ደነገጠ። «ክፍል ሳትገቡ ነው እንዴ የከረማችሁት? ዓይኔ እንደምታውቁት አያይም። ክፍሉ ዝም ሲል ጊዜ ዘንድሮስ ጨዋ ተማሪ ነው የሰጡኝ እያልኩ ለባዶ ወንበር ሳስተምር ከረምኩ!»

ተነሥቶ አብሯቸው ወደ ኩሬው ሄደ። እዚያው ጭቃው ላይ አስተማረ። ፍልፈል እያሸተተ ቦታ አሳየ፣ እመት ኤሊ ጫረች፣ አህያ አፈሩን አመላለሰ። የኩሬው ጭቃ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ከጉድጓዱ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ቡልቅ አለ። ልጆቿ እየተንደረደሩ ገቡ። የዚያን ዕለት እመት ኤሊ በደስታ ያልሆነችው የለም።

በጋው ጠና፣ የጫካው ምንጭ ሁሉ ደረቀ። አራዊቱ ወደ ጉድጓዱ ጎረፉ። ተጋፉ፣ ውሃውን አደፈረሱት። «ደንብ ያስፈልጋል» ተባለና እመት ኤሊ የውሃው ኃላፊ ሆና ተመረጠች። ጉድጓዱ እንዲያርፍ ብላ ውሃ የሚቀዳው ጠዋት ብቻ፣ ግንደ ቆርቁር እስኪደውል ድረስ ነው አለች። ደንቡ ደግ ደንብ ነበር፤ የሚጀምረው ሁሌም እንዲያ ነው።

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ከገደሉ ወረደ። ደወሉ ተደውሏል።

«እመት ኤሊ፣ እባክሽ ጉንጭ የምታርስ ውሃ።»

እመት ኤሊ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች። «አያ ዝንጀሮ፣ ውሃው በሂደት ላይ ነው።»

አህያ ተንከባለለ። የተሰበሰበው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዝንጀሮ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። እመት ኤሊ ቃሉ ጣፈጣት፤ ያን ቀን ለራሷ ደጋግማ አለችው።

በማግስቱ ደወሉ ከተደወለ ቆይቶ፣ አቧራ የለበሰች ቀንድ አውጣ ከጉድጓዱ አፍ ደረሰች። ቀንዶቿ ደርቀው ወደ ውስጥ ገብተዋል። ኮሌጁ በር ደርሳ ኤሊን ፈልጋ አጥታት፣ ያንኑ መንገድ ተመልሳ መምጣቷ ነው።

«እመት ኤሊ» አለች ድምፅዋ ሰልሎ፣ «መጣሁልሽ። አንዲት ጠብታ ስጪኝ።»

እመት ኤሊ ጎረቤቷን አየቻት። ልቧ «ስጫት» አላት። ምላሷ ግን የለመደውን ቀድሞ አወጣው፤ «ከደወል በኋላ አይቀዳም። ነገ ከደወል በፊት ነይ።»

ቀንድ አውጣ ዞራ፣ ወደ ቅርፊቷ እየገባች፣ «እንኳን ደስ አለሽ እመት ኤሊ» አለች። «ለካ ተመርቀሻል።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ዳቦው በሂደት ላይ ነው የሚለኝ ካለ፣ እሱንም እንኳን ደስ ያለህ በሉልኝ።