እሜቴ ጨረቃ እራታቸውን በልተው መጡ

ሌሊት በሚሠራበት ሆስፒታል ሁሉ ሐኪም የማይፈራ፣ ሐኪም ግን የሚፈራው አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እሜቴ ጨረቃ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት አንሶላ ሲያጥቡ፣ ቀን ሲተኙ ኖረዋል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምሳቸው ቃሪያ የበዛበት ድንች ጥብስ ይበላሉ። "ሆድ ይነፋል" የሚላቸው ከተገኘ "ሆዴን የማዝዘው እኔ ነኝ!" ብለው አፉን ያስይዙታል። ሆዳቸው ሲጮህ ደግሞ በማሽኑ ያላክካሉ። አንድ ጊዜማ ጠጋኝ ጠርተን ደህናውን ማሽን አስፈትተናል።

አንድ ማለዳ ከሥራ ስንወጣ የሆስፒታሉ የሠራተኞች ጤና ባለሙያ ሰብስባ አስተማረችን። "አንጀታችን ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ቀንና ሌሊት አላቸው። ለዓመታት ሌሊት መሥራት ሥርዓታቸውን ያዛባል። ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችም ሳያጋልጥ አይቀርም ተብሎ እየተጠና ነው።"

"የእኔዎቹ የሌሊት ፈረቃ ናቸው፣ ልጄ፤ አታስቢ" አሏት እሜቴ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። አንሶላ አብሬያቸው የማጥፈው እኔ ስለሆንኩ፣ ሽንት ቤት ደም ማየታቸውን ለእኔ ብቻ ነግረውኝ ነበር። "ኪንታሮት ነው። ለሰው ብትተነፍስ ምላስህን በካውያ ነው የምተኩስልህ!" ተነፈስኩ። ለባለሙያዋ ነገርኳትና የአንጀት ምርመራ ቀጠሮ ተያዘላቸው። ሦስት ቀን አኮረፉኝ።

የቀጠሮው ወረቀት "ከእራት በኋላ ምንም አይብሉ" ይላል። እሜቴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከተፍ አሉ፤ እኔም ተከትያቸዋለሁ።

"ምግብ ቀምሰዋል?" አላቸው ሐኪሙ።

"ከእራት በኋላ? እህል በአፌ አልዞረም።"

"እራት መቼ በሉ?"

"አሁን፣ ሁለት ሰዓት ላይ። እንደ ሁልጊዜው።"

ሐኪሙ ራሱን ያዘ። "እንግዲህ ከሁለት ወር በኋላ ይመለሱ።"

ምነው ባላለ! "ባጠብኩት አንሶላ በሽተኛ ታስተኛላችሁ፤ እራቴን መቼ እንደምበላ ግን አታውቁም? በሰዓት አትጽፉም? ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም!" እውነትም አልተነቃነቁም። ቀጠሮው ለሳምንት ሆነ፤ ወረቀቱም ከዚያ ወዲህ በሰዓት ይጻፋል።

አንጀታቸው ላይ ትንሽ እባጭ ተገኘችና ተቆርጣ ወጣች። ቢዘገዩ ወደ ካንሰር ልትለወጥ ትችል ነበር ተባለ። አለቃችን ደንግጦ "ከነገ ጀምሮ ቀን ይግቡ" አላቸው።

"አንጀት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ?" አሉት። "አሥራ አንዳችንም የሌሊት አጣቢዎች ካልተመረመርን፣ ፈረቃውም በተራ ካልሆነ ቀን አልገባም!" አለቃው ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ፈረመ።

ዛሬ የመመርመር ተራው የእኔ ነው። እሜቴ ሌሊቱን ሠርተው ሳይተኙ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ጃኬቴን ታቅፈው ያንጎላጃሉ።

"ቤትዎ ሄደው ይተኙ እንጂ፣ እትዬ።"

"አንተ ወሬኛ፣ ፈርተህ ብትሮጥ ማን ይይዝሃል?"

እውነታቸውን ነው፣ ልሮጥ ነበር። ስሜ ሲጠራ ክንዴን ጨብጠው እስከ በሩ አደረሱኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የያዘኝ ሰው የለም። ሐኪሙ ብቅ ሲል ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝና፣

"ይሄ የእኔ ነው" አሉት፤ "ደህና አድርገህ እየው!"