አማቱን «ውድ ደንበኛችን» ያለው ሰው

በየቤተሰቡ አንድ መመሪያ አንባቢ አይጠፋም። እኛ አዲስ ካውያ ስንገዛ አብሮ የሚመጣውን ወረቀት ከነካርቶኑ እንጥላለን፤ እሱ መነጽሩን ወልውሎ ከገጽ አንድ ይጀምራል፣ ያሰምርበታል፣ ከዚያ ሁላችንንም ልብስ መተኮስ ያስተምረናል።

የእኛው የእህቴ ባል ነው፤ ክቡር ሥራ አስኪያጁ። ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ፣ ሥራውን ለቀቀና የአረጋውያን እንክብካቤ ከፈተ። በፍራንቻይዝ ነው፤ ማለትም ስሙም፣ ሰማያዊው ሸሚዝም፣ አሠራሩም የአንድ ትልቅ ድርጅት፣ ቅርንጫፉና ራስ ምታቱ ግን የራሱ። አብረው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ አሸከሙት። ሌላው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሱ እንደ ሙሽራ ፈካ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ እናቴ፣ ማለትም የገዛ አማቱ ሆነች። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት የበሩ ደወል ጮኸ። አሥራ አምስት ዓመት በራሱ ቁልፍ ሲገባ የኖረ ሰው! እናቴ ግድግዳ እየያዘች፣ «ወይ ጉልበቴ» እያለች ሄዳ ከፈተች።

«እንደምን አደሩ፣ ውድ ደንበኛችን?»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ለምን ተነሡ፣ በዚህ ጉልበትዎ?»

«ደውለህ ነዋ!»

«ሁለት ጊዜ ደውሎ እስከ ሠላሳ መቁጠር መመሪያው ላይ አለ።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ አለ።»

ገብቶ ደብተሩን ዘረጋ። «ዛሬ ስሜትዎ ከአሥር ስንት ነው?»

«ሳትመጣ ስምንት ነበር።»

ስምንት ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ወር ከዋናው ድርጅት ተቆጣጣሪ ልትመጣ ሆነ። ካልወደደችው ቅርንጫፉ ይዘጋል፣ ሸሚዙም ይመለሳል። ከአራቱ ደንበኞቹ መካከል የምታነጋግረውን ራሷ መረጠች፤ እናቴን። እህቴ እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ ብቻ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ።»

«ያየሁትን ነው የምናገረው» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ተቀመጠች፤ ባለመመሪያው ቆመ።

«በአገልግሎቱ ረክተዋል?»

«ደወሉ ያናድደኛል» ብላ ጀመረች እናቴ። «ውድ ደንበኛችን ሲለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።» እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ግን ልጄ፣ ይኼ ሰው ሁልጊዜ ከመደወሉ በፊት ጎንበስ ብሎ የውሃ ቆጣሪዬን ያያል። የማላየው መስሎት! መስኮቱ ጋ አይደል የምቀመጠው? አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎኝ ውሃ ሳልቀዳ ቢረፍድ፣ የቆጣሪው ቁጥር ካደረበት አለመንቀሳቀሱን አይቶ ደወሉንም ቆጠራውንም ትቶ በቁልፉ ከፍቶ አልጋዬ ድረስ ሮጠ። ከነጫማው!»

ተቆጣጣሪዋ ዞረች። «ይሄ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»

ክቡር ሥራ አስኪያጁ ገጽ ገለበጠ፣ እንደገና ገለበጠ፣ ላብ በላብ ሆነ። «መመሪያው ላይ የለም» አለ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው።

ከዚያ ለእኛ እንኳ ነግሮን የማያውቀውን አወጣ። ቆጣሪ ሲያነብ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቤት ይደርሳል። በወሩ ከጥቂት ባልዲ በላይ አልተቀዳም። «ቁጥሩን ጽፌ አለፍኩ» አለ። «የዚያኛው ሥራ መመሪያ አንኳኩ አይልም ነበር።» ለካ ሰውየው የአልጋ ቁራኛ ሆነው ኖሯል። ደግነቱ በማግስቱ ጎረቤት ደረሰላቸው፤ ዛሬ የእሱ ሁለተኛ ደንበኛ ናቸው፣ የሸሚዙንም ቁልፎች እሳቸው ናቸው የሚያጠባብቁለት።

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። «እስቲ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ ልጻፈው።»

ቅርንጫፉ አልተዘጋም። እናቴ ቤት ደወሉ ቀረ፤ «ውድ ደንበኛችን» ግን አልቀረም። እንዲያውም አንድ ጠዋት ቢረሳው «ዛሬ ምን ሆነሃል?» ብላ ተቆጣችው።

እኔ ስልሳን ልደፍን የተቃረብኩ ላጤ ነኝ፤ ደንበኛውም አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ፣ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ የእኔ ቆጣሪ ላይ አጎንብሷል። ልጮኽበት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ገና ዓይኔ በቅጡ ሳይገለጥ ሄጄ ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ ክቡርነታቸው እንዳይሰጉብኝ።