ጋሽ ዝገት እና የገንዳው ወለል

ገና ያልመጣን ችግር በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ዝናብ ሳይጥል ጣሪያ ላይ የሚወጣ፣ ልጅ ሳያስነጥስ ሐኪም የሚጠራ፣ እንግዳ ሳይቀመጥ የወንበሩን እግር የሚፈትሽ ሰው። ምስጋና አያገኝም፤ ያልደረሰ ጉዳት ማን ትዝ ይለዋል? እሱ ግን አይደክመውም። የሚደክመው አብሮት የሚኖረው ነው፤ እኔን ጠይቁኝ።

የእኛ ቤቱ የባለቤቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታው ስላልተስማማቸው የእኛን መዋኛ ገንዳ መጠበቅ ጀመሩ። ሰፈርተኛው «ጋሽ ዝገት» ይላቸዋል። ያውቃሉ፤ አልተቀየሙም። «ስሙ እኔ ላይ ይሁን፣ ዝገቱ ገንዳው ላይ አይሁን» ነው ያሉት።

ገንዳው ስንገዛው ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ወለሉ ነጭ ነው። የቧንቧው ውሃ አቅም ስለሌለው ከጓሮው ጉድጓድ በፓምፕ እየሳብን እንሞላዋለን። የጉድጓዱ ውሃ በብርጭቆ ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ክሎሪን ሲያገኘው ነው። አምና ክሎሪኑን በጠዋት ጨመርን፣ ወደ ማታ ውሃው ሻይ መሰለ። ሲጠራ ደግሞ በውሃው ውስጥ የነበረው ብረት ወለሉ ላይ ተጣብቆ፣ ያ ነጭ ወለል እንደ ጥርስ በልዞ አገኘነው። ፈተግን፣ አሸን፣ ወይ ፍንክች። በስንት መከራ ወለሉ ከታደሰ በኋላ ባለቤቴ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ፍርዷን ሰጠች፦ «ድጋሚ ከበለዘ አፈር ሞልቼ ሰላጣ እዘራበታለሁ።» ባለቤቴ ያለችውን ታደርጋለች።

ሰላጣው ባልከፋ ነበር። ችግሩ የእኔ ወገብ ነው። ዓመታት ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሬ የሰው ጽሑፍ ሳርም የአከርካሪዬ ዲስክ ከቦታው ሸሸና ሐኪሙ «ወይ ዋና፣ ወይ ቢላዋ» አለኝ። እኔ ደግሞ ቢላዋ የምወደው ለሽንኩርት ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ገንዳው የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ ክቡርነታቸው ጋሽ ዝገት ሙሉ ሥልጣን ያዙ። መጀመሪያ የጉድጓዱን ውሃ በጠርሙስ ቀድተው የገንዳ መድኃኒት ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰዱና፣ ብረት እንዳለበት አስመርምረው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ከዚያ ውሃውን ከፓምፑ በሚያመጣው ጎማ ላይ ብረቱን የሚያስቀር ማጣሪያ ገጠሙ። ውሃው በማጣሪያው ሲያልፍ እንደ ክር ቀጠነ። ገንዳው ሲሞላ መጠበቅ ጸጉር ሲያድግ መጠበቅ ሆነብኝ።

«አባባ፣ ትንሽ ፈጠን ቢያደርጉት?»

«ከመጣ በኋላማ መፈተግ ማን አቃተው? ሳይታይ ነው መያዝ። ኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»

«ኋላ አልሰማሁም እንዳትል» የእርሳቸው ሰላምታም ምርቃትም ነው። እንቅልፍ ሊተኙ ሲሄዱም ይሉታል፤ ምኑን እንደምሰማ ግን አይነግሩኝም።

ገንዳው ግማሽ ሳይደርስ ኬላ ተቋቋመ። የብረት እግር ያለው ወንበር በሙሉ ከጓሮ ተባረረ። አንድ ብሎኑ ቀላ ብሎ ስለተገኘ መሰላሉ ተነቀለ፤ ወገቡን የሚያመው እኔ በገንዳው ጥግ ባለው ደረጃ ቁጭ እያልኩ እየተንፏቀቅኩ እንድገባ ተፈረደብኝ። እህቴ እግሯን ውሃው ውስጥ ልትነክር ብትመጣ የፕላስቲክ ሳህን ደቀኑባት። «ጸጉርሽ ላይ ያለውን ብረት እዚህ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ።» ጸጉር ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጣ ያሠራችው ጸጉር ተንዶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። የብረት ጥርስ ያለውን ጎረቤታችንን ደግሞ «አንተ ስትመጣ አፍህን ዘግተህ ትዋኛለህ» አሉት። ሰውየው እስከ ዛሬ ቀልድ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። ወገቤ ከጠዋት ጀምሮ ሲወጋኝ ውሏል፣ ውሃው ያው ክር ነው፣ ሁሉም ነገር ታክቶኛል። ሽማግሌው ያሸለቡ መስሎኝ ወደ ጓሮ ወጣሁና ማጣሪያውን መፍታት ጀመርኩ። በኩሽናው መስኮት የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ በቃህ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመህ ትውላለህ። ተወው፣ ሰላጣው ይሻላል።»

«ሰላጣ የትም ይበቅላል» አሉ አባቷ። «ባልሽ ካልሲ ሲያጠልቅ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ካልሲ? ምን ሆነ?»

«ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚያጠልቀው። ፊቱን እንዳታዪበት። አመመኝ ብሎ አይነግርሽም እሱ። ወለሉ ከበለዘ አንቺ ትደፍኚዋለሽ፣ እሱ ደግሞ ቢላዋ ሥር ይተኛል። ስለዚህ አይበልዝም፤ እኔ እያለሁ አይበልዝም።»

 እኔ ጎማውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወደ ግድግዳ የምዞረው ማንም እንዳያውቅብኝ ነበር፤ አብራኝ የምትተኛው እንኳ አላወቀችም። የጸጉር ማስያዣ ብቻ የሚታያቸው የመሰሉኝ ሰው ግን አውቀው ኖረዋል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የፈታሁትን መልሼ አጠበቅኩት፤ ከበፊቱ አብልጬ።

ገንዳው በራሱ ጊዜ ሞላ። ክቡርነታቸው መጀመሪያ የተረፈውን ብረት አፍኖ የሚይዘውን ፈሳሽ ዙሪያውን አፈሰሱ። ክሎሪኑን ያስከተሉት ቆይተው ነው፤ እሱንም እንደ ሕፃን መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው ወለሉን አፍጥጠው ሲያዩ ዋሉ። ውሃው ሻይ አልሆነም። ሲነጋም ወለሉ ነጭ ነበር። ባለቤቴ ወጥታ አየችና ስለ ሰላጣ ምንም ሳትናገር ገባች።

ውሃው ውስጥ ልገባ ስል ሳህኑ ከፊቴ ተደቀነ።

«ቀለበት።»

«አባባ፣ ወርቅ እኮ ነው።»

«መዳብ ሳይቀላቀልበት ቀለበት አይሆንም፤ መዳብም ያበልዛል። አምጣ።»

አወለቅኩ። ልጃቸውን ያገባሁበትን ቀለበት ሳህን ውስጥ ጥዬላቸው በደረጃው እየተንፏቀቅኩ ገባሁ። ውሃው ተሸከመኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገባሁ፣ በየቀኑ ሳህኑ ጠበቀኝ። ከውሃ ስወጣ ደግሞ ብርድ በእግር ነው የሚገባው ብለው ፎጣና ካልሲ ያቀብሉኛል። ካልሲውን ከሰጡኝ በኋላ ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ለምን እንደሆነ አይናገሩም፤ እኔም አልጠይቅም።

ትናንት ካልሲውን ተቀበልኩና፣ እንደለመዱት ሲዞሩ «አባባ» አልኳቸው፣ «ዛሬ ማየት ይችላሉ።»

ዞረው አዩኝ። በአንድ እግሬ ቆሜ ካልሲዬን አጠለቅኩ። ቀስ ብዬ፣ ግን ቆሜ። ፎጣውን ከትከሻዬ አንስተው እግሬ ሥር አነጠፉልኝ።

«ወለሉ እርጥብ ነው፣ ያዳልጥሃል» አሉኝ። «ኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»