ለፋሲካ የሚነበብ መጽሐፍ

ሰው ሁሉ ሕይወቱን የሚመራበት አንድ መጽሐፍ አያጣም። ቄስ ወንጌል አለው፣ ዳኛ ሕግ አለው። እኔን የመራኝ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ነው፤ ለዚህም ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። ይልቅ እናንተን ልጠይቅ፤ ሕግ ሲነበብለት አፉ ምራቅ የሞላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መጽሐፉን ያመጣልኝ አስተማሪው ባሌ ነው። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ነበር። ካሮት የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ከዚህ መጽሐፍ ነው፤ የምንኖርባት የወረታ ከተማ ገበያ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። ጥቁር ልባሱን ጭስ እንዳያበላሸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት። ጧት ጧት አወርድና ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ አነበዋለሁ። አንብቤ የምሠራው ያው ሽሮ ቢሆንም፣ አሳቤ ትልቅ ነበር።

አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ሲሄዱ እኛ ቤት ያረፉት በቀጣዩ በጋ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ብዙ ላም ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው እኔን ሲያገባ «ወተት መናጥ የማትችል የከተማ ልጅ» ብለው እንደነበር ባሌ ራሱ ነግሮኛል። ባል መቼም የማይነገረውን መርጦ ይናገራል። ያን ጨርቅ ስፈታና ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። መጽሐፉን ተሳለሙት፤ ለጎረቤቱም ሁሉ ምራቴ ዳዊት ትደግማለች ብለው አወሩ። ከሠርጌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም «ልጄ» አሉኝ። እኔ ዳዊት ነው አላልሁም። አይደለም እንዳልል ደግሞ ያችን «ልጄ» ማጣት ፈራሁ።

ከፍል ውሃው ሲመለሱ ሁዳዴ ገብቷል። ሳይቀምሱ ሲውሉ አንድ ቀን ራስ ምታት ጣላቸውና ዳዊቱን ድገሚልኝ አሉኝ። ዳዊት በሌለበት ቤት ምኑን ልድገም? መጽሐፉ ደግሞ ሆነ ብሎ የተከፈተው የበግ አሮስቶ የሚሉት ጥብስ ላይ ነው። አንድ ቃል እንዳይሰሙ እያጉተመተምሁ ወረድሁት። በሁዳዴ በግ መብላት እንጂ በግ ማጉተምተም ክልክል ነው ሲባል አልሰማሁም።

በዚህ መሀል የንስሐ አባታችን ቄሱ ገቡ። አማቴ ደስ ብሏቸው እርስዎ ይቀጥሉት አሏቸውና መጽሐፉ ከእጄ ወጣ። ቄሱ ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡ። ብዙ ቆዩ። ጭራሽ ቀጣዩን ገጽ ገለጡ። አማቴ ምነው ዝም አሉ ቢሏቸው፣ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው መጽሐፉን ዘጉና በጨርቁ ጠቀለሉት።

«ይህስ ለፋሲካ የሚነበብ ነው» አሉ።

ጸሎቱን ከቃላቸው አድርሰውላቸው ሄዱ። እኔም ተረፍሁ ብዬ ተነፈስሁ። ለካ ፋሲካ የሚባል ነገር መምጣቱ አይቀርም።

በበዓሉ ዕለት ቄሱም ጎረቤቱም ማዕድ ከበው ሳለ፣ እኛ ዘንድ የሰነበቱት አማቴ ያ ለፋሲካ የሚነበበው ይምጣ አሉ። ቤቱን በሙሉ አስነሡት። ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። አውጡኝ ብዬ ወደ ቄሱ ባይ፣ እሳቸው የሚያዩት ወጡን ነው። አማራጭ አልነበረኝም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት።

«አንድ የበግ ታፋ በደንብ ታጥቦ ነጭ ሽንኩርት ይሰካካበታል። ከዚያም በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ይታሻል...»

ያችን «ልጄ» በልቤ ተሰናበትኋት።

አማቴ ነጠላቸውን መለስ አድርገው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ዳዊት አለመሆኑንማ ያን ዕለት አባ ምራቃቸውን ሲውጡ አውቄዋለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ለሙሉ ታፋ አንድ ማንኪያ ቅቤ? ይኸን የጻፈው ሰው ላም የለውም?»